ቤቱ የሚፈራው ሰው

ረጅም ነው። ጊዜ ያላችሁ አሁን አንብቡት፣ የሌላችሁ አስቀምጡትና ቅዳሜ ተመለሱበት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ቻርለስ ማክኒል የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ኮነቲከት በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ ከተማሪዎቹ አንዱ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን ኤፍ ኬኔዲ እንደነበር ይነገራል። (እኔ ካስተማርኳችሁ መሀል እስካሁን ፕሬዚዳንት የሆነ የለም፤ ተስፋ አልቆረጥኩም።) ማክኒል ማስተማሩን ትቶ ቺካጎ ገባና የአክሲዮን ገበያ ተንታኝ ሆነ። ጎን ለጎን በስፖርት መወራረድ ጀመረ። አወራረዱ ግን እንደ ብዙው ሰው በስሜት አልነበረም። ሁለት ቡድኖች ሲገናኙ ማን በስንት ነጥብ እንደሚበልጥ በራሱ ዘዴ ያሰላል፣ ስሌቱን አወራራጁ ከሰጠው ዋጋ ጋር ያስተያያል፣ ሰፊ ልዩነት ካየ ብቻ ገንዘቡን ያወጣል። አሸነፈ። ደጋግሞም አሸነፈ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አወራራጆቹ ገደብ ጣሉበት። ሲሸነፍ የፈለገውን ያህል እንዲያስይዝ የሚፈቅዱለት ሰዎች፣ ማሸነፉ ልማድ ሲሆን ከዚህ በላይ ከአንተ አንቀበልም አሉት። ማክኒልም በ1940ዎቹ መጀመሪያ የራሱን ማወራረጃ ከፈተ። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን የነጥብ ሃንዲካፕ ይዞ መጣ። ፈጣሪው እሱ ብቻ ነው ወይ የሚለው ያከራክራል፤ ያስፋፋው እሱ እንደሆነ ግን ብዙዎች ይስማማሉ።

ሃንዲካፕ ምን ቀየረ? ከዚያ በፊት ኃይለኛ ቡድን ከደካማ ጋር ሲጫወት አወራራጁ ይጨነቅ ነበር። ሁሉም ሰው በኃይለኛው ላይ ይቆርጣል፣ ኃይለኛውም ያሸንፋል፣ ቤቱ ይበላል። ስለዚህ ወይ ጨዋታውን ጭራሽ አይቀበሉም፣ ወይ ማንም የማይነካው ዋጋ ያወጣሉ። ሃንዲካፑ "ኃይለኛው ያሸንፋል ወይ?" የሚለውን ጥያቄ "ከ7 ነጥብ በላይ ያሸንፋል ወይ?" ወደሚል ቀየረው። አሁን ሁለቱም ወገን ተመጣጣኝ ሆነ። አወራራጁም ከሁለቱም ወገን 110 ዶላር እያስያዘ ላሸነፈው 100 ዶላር ትርፍ ይከፍላል። እኛ ሰፈር በምናውቀው ኦድ ወደ 1.90 መሆኑ ነው። እኩል ዕድል ላለው ነገር ትክክለኛው ዋጋ 2.00 ነበር። ያቺ 0.10 የቤቱ እንጀራ ናት።

ይህን ሁሉ የማወራው ለጨዋታ አይደለም። ባለፈው ሰሞን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ ስሙን አልጠቅስም፣ የአንድ ጨዋታ ኦድ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ጠዋት 2.40 የነበረው ከሰዓት 1.75 ሆኗል። "ቲቸር፣ ጨዋታው ተሽጧል ማለት ነው አይደል?" አለኝ። ቴሌግራም ላይ "ፊክስድ ማች አለን" የሚል ሰው 3,000 ብር ጠይቆት፣ ለማስረጃ ያቀረበለት ይህንኑ የኦድ መውረድ ነው። ልጁ የባጃጅ ሹፌር ነው። 3,000 ብር ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ የማስተምረው ታሪክ ነው፤ ሒሳብ ቤት ጎረቤቴ ነው። ግን ኦድ ለምን እንደሚወርድ ለመረዳት ከሒሳቡ ይልቅ ታሪኩ ይቀላል።

አብዛኛው ሰው ኦድ የሚንቀሳቀሰው የገንዘቡን ብዛት ተከትሎ ነው ብሎ ያምናል። ብዙ ሰው ሀ ላይ ከቆረጠ የሀ ኦድ ይወርዳል፣ የለ ይወጣል፣ ሁለቱ ወገን ይመጣጠናል፣ ቤቱ መሀል ላይ ቁጭ ብሎ ኮሚሽኑን ይለቅማል። ይህ ከፊሉ እውነት ነው። ሙሉ በሙሉ ያመኑት ግን ጥር 1979 ላይ ዋጋቸውን አግኝተዋል።

የአሜሪካ ፉትቦል ዋንጫ ፍልሚያ፣ 13ኛው ሱፐር ቦውል፣ ማያሚ። ፒትስበርግ ስቲለርስ ከዳላስ ካውቦይስ። የላስ ቬጋስ ቤቶች ስቲለርስን በ3.5 ነጥብ አስበልጠው ከፈቱ። ገንዘቡ ወደ ስቲለርስ ጎረፈ፤ ቤቶቹ ለማመጣጠን መስመሩን ወደ 4 ከዚያም ወደ 4.5 ከፍ አደረጉት። አሁን ደግሞ ገንዘቡ ወደ ዳላስ ዞረ። በመጽሐፉ መሠረት ሁሉም ነገር ተስተካክሏል። ጨዋታው 35 ለ 31 አለቀ። ልዩነቱ 4 ነጥብ!

አስሉት እንግዲህ። በ3.5 ስቲለርስን የያዘ አሸነፈ። በ4.5 ዳላስን የያዘም አሸነፈ። በ4 የያዘ ገንዘቡ ተመለሰለት። ቤቶቹ ከሁለቱም ወገን ተበሉ። ሁለቱንም የያዙ ብልጦች ደግሞ በአንድ ጨዋታ ሁለቴ በሉ። በሙያው ሰዎች ዘንድ ያ ቀን እስከ ዛሬ "ጥቁር እሑድ" ተብሎ ይጠራል።

ከእንዲህ ዓይነቱ ልምድ የወጣው ትምህርት ሙያውን ቀይሮታል። ዋናው ጥያቄ ስንት ገንዘብ ገባ አይደለም፤ ማን አስገባው ነው። ከአንድ ሺህ ተራ ሰው የመጣ መቶ ሺህ ዶላር ኦዱን ላያነቃንቀው ይችላል፤ በተደጋጋሚ ትክክል ሆኖ ከተገኘ አንድ ሰው የመጣ ሁለት ሺህ ዶላር ግን ወዲያው ያንቀሳቅሰዋል። ቤቱ እንዲህ ይላል፦ ይህ ሰውዬ ዋጋዬ ስህተት ነው እያለኝ ነው፣ ላርመው።

ላስ ቬጋስ የነበረው ስታርደስት ካዚኖ ይህን አሠራር ሥርዓት አስይዞት ነበር። በ1980ዎቹና 90ዎቹ የሳምንቱን የመጀመሪያ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነበር፤ ሌላው ሁሉ እሱን ይጠብቃል። ያ ዋጋ ገና ጥሬ ነው፣ ስህተት ይኖረዋል። ስለዚህ ጎበዝ ተወራራጆች ቀድመው ይሰለፋሉ። ማን ቀድሞ ይወራረድ የሚለው በዕጣ የሚወሰንበት ጊዜም ነበር። ቤቱ ለእያንዳንዱ ውርርድ ጣሪያ ያበጃል፤ አንዱ ሲወራረድ ዋጋው ይስተካከላል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ እንደገና ይስተካከላል። ዋጋው በስሎ ሰፊው ሕዝብ ሲመጣ ጣሪያው ከፍ ይላል። ለጎበዞቹ የከፈሉት ገንዘብ ለቤቱ የአማካሪ ደመወዝ እንደማለት ነበር። እንደኔ እንደኔ ከማክኒል ጊዜ ይልቅ ይሄኛው ጨዋነት አለው፤ አዋቂውን ማባረር ትቶ በልክ ከፍሎ ይማርበታል። ስታርደስት በ2006 ተዘጋ፣ ሕንፃውም በዓመቱ ፈረሰ።

አሁን ወደ እነ "ኮምፒዩተር ግሩፕ" ልውሰዳችሁ፤ የተማሪዬ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ማይክል ኬንት ዌስቲንግሃውስ በተባለው ኩባንያ የሚሠራ የሒሳብ ሰው ነበር። በ1970ዎቹ የመሥሪያ ቤቱን የሶፍትቦል ቡድን ውጤት ለመተንተን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጻፈ። ከዚያ ፕሮግራሙን ወደ ኮሌጅ ፉትቦል አሸጋገረው። ሥራውን ለቆ ወደ ላስ ቬጋስ ሄደ። ስሌቱን የሚያወጣው እሱ ሲሆን፣ ውርርዱን የሚያደራጀው አይቫን ሚንድሊን የተባለ የአጥንት ሐኪም ነበር። ኮምፒዩተር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን እነዚህ ሰዎች ከአወራራጆቹ የተሻለ ዋጋ በእጃቸው ነበር። ግን ችግራቸው የማክኒል ነው፤ በስማቸው ቢሄዱ ማንም አይቀበላቸውም። ስለዚህ ሰው ቀጠሩ። በየከተማው በሌላ ሰው ስም፣ በሌላ ሰው ስልክ፣ በአንድ ጊዜ ይወራረዳሉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የአገሪቱ ኦድ በሙሉ ይገለበጣል።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ምን ይመስላል? "ተሽጧል!" ነው የሚመስለው። ጨዋታውን ግን ማንም አልሸጠውም፤ አንድ ሰው ጥሩ አድርጎ አሰላ እንጂ። የፌዴራል ፖሊሱ ኤፍ ቢ አይ እንኳ ሕገ ወጥ አወራራጆች መስለውት በ1985 ቤታቸውን በረበረ። በ1990 ክስ ተመሠረተ። ከመሀላቸው በጣም ታዋቂ የሆነው ቢሊ ዋልተርስ በ1992 ነፃ ተባለ። መወራረድና ማወራረድ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። (ዋልተርስ ጻድቅ እንዳይመስላችሁ፤ በ2017 ከስፖርት ጋር በማይገናኝ የአክሲዮን ወንጀል ተፈርዶበት ታስሯል።)

የዋልተርስ አንድ ዘዴ ደግሞ አለች። ሀ ያሸንፋል ብሎ ካመነ፣ መጀመሪያ ሰዎቹን ልኮ ለ ላይ አነስ ያለ ገንዘብ ያስይዛል። ገበያው ዋልተርስ ለን ያዘ ብሎ ይከተላል፣ የለ ኦድ ይወርዳል፣ የሀ ይወጣል። ያን ጊዜ በወጣው የሀ ኦድ ትልቁን ገንዘብ ያስገባል። ተከትለውት ለ ላይ የቆረጡት ሁሉ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

እንግዲህ ኦድ ከ2.40 ወደ 1.75 ሲወርድ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። አጥቂው ተጎድቷል የሚል ዜና ወጥቶ ይሆናል። አሰልጣኙ ተጠባባቂዎቹን ሊያሰልፍ ይሆናል። አንድ ትልቅ ተወራራጅ ገብቶ ይሆናል፤ ሆን ብሎ እያታለለም ይሆናል። ትናንሽ ቤቶች ደግሞ ኦድን ራሳቸው አይሠሩም፤ ከአቅራቢ ድርጅት ይገዙታል፣ አቅራቢው ሲቀይር እነሱም ይቀይራሉ። የተሸጡ ጨዋታዎች የሉም አላልኩም። በ2013 ዩሮፖል በዓለም ዙሪያ 680 የሚጠረጠሩ ጨዋታዎችን ይፋ አድርጓል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለመከታተልም የኦድ እንቅስቃሴ ይመረመራል። ግን በእርግጥ የተሸጠ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው የሚያገኘው ጥቅም ዋጋው ሳይንቀሳቀስ ባለችው ጥቂት ጊዜ ነው። ለአንድ ሺህ ሰው በ3,000 ብር ሲሸጠው ዋጋው ይሞትበታል። ደግሞም ኦዱ ከወረደ በኋላ የሚነግራችሁ ሰው፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ 2.40 የነበረውን በ1.75 ግዙ እያላችሁ ነው። በሱቅ ቋንቋ ሲተረጎም፣ የቀነሰ ዕቃ ሳይሆን የተወደደ ዕቃ ነው።

ኢንተርኔት ሲመጣ ማባረሩ ቀለለ። ድሮ የብሪታንያ ሱቆች (በሕግ የተፈቀዱት ከግንቦት 1961 ጀምሮ ነው) ከበድ ያለ ውርርድ ሲመጣ ጸሐፊው ለዋና መሥሪያ ቤት ስልክ ይደውል ነበር። ዛሬ ያንን የሚሠራው ኮምፒዩተር ነው። እያንዳንዱ ደንበኛ በስውር ነጥብ ይሰጠዋል። ማየት የሚፈልጉት ደግሞ ትናንት አሸነፈ ወይስ ተበላ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ በዕድል ማንም ያሸንፋል። የሚያዩት የቆረጥክበትን ዋጋና ጨዋታው ሲጀመር የነበረውን ዋጋ ነው። አንተ ሁልጊዜ በ2.10 ገዝተህ ጨዋታው ሲጀመር 1.95 ሆኖ ከተገኘ፣ ብትበላም ብትበላቸውም አደገኛ ነህ። ገበያው ወደ አንተ ነው የሚመጣው። ሌላ ሰው ሰምቶት በማያውቀው ሊግ ላይ ዋጋው ገና እንደወጣ ትልቅ ገንዘብ ካስያዝክም ምልክት ነው። ከዚያ አንድ ቀን 500 ፓውንድ ልታስይዝ ስትሞክር የተፈቀደልህ 3 ፓውንድ ከ20 ሳንቲም ብቻ ነው የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ምክንያት አይነግሩህም።

የማይፈሩትስ ማንን ነው? ቅዳሜ ጠዋት አሥር ጨዋታ አንድ ላይ የሚያስረውን ነው። እስቲ እናስላው። እያንዳንዱ እንደ ሳንቲም ውርወራ እኩል ዕድል ያለው፣ ኦዱም 1.90 የሆነ አሥር ጨዋታ እንበል፤ ከ2.5 ጎል በላይ ወይም በታች የሚለውን አስቡት። 1.90ን በራሱ አሥር ጊዜ ብታባዙት ወደ 613 ይሆናል። በ10 ብር 6,130 ብር! ያማልላል። ግን አሥሩም የመሳካት ዕድላቸው ከ1,024 አንድ ነው። ትክክለኛው ክፍያ 10,240 ብር ነበር። በአንድ ጨዋታ ከመቶ 5 ብቻ የነበረው የቤቱ ድርሻ በአሥር ጨዋታ ከመቶ 40 ሆነ ማለት ነው። በእኛ አገር ደግሞ በ2016 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ የሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር፤ በዚያ ስሌት እጃችሁ የሚገባው ወደ 5,210 ብር ነበር። "በአንድ ጨዋታ ተቃጠለብኝ" የሚለው ሐዘን ከዚህ ነው የሚመጣው። ቤቱ ይህን ሰው ለምን ይገድበዋል? ቡና ቢጋብዘው አይከስርም።

በነገራችን ላይ ውርርድ የሚለው ቃላችን የስፖርት አይደለም፣ የችሎት ነው። በድሮው ሙግት ባላጋራዎች በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታው የሚከፍለው ታዲያ ለረታው ሳይሆን ለዳኛው ነበር። ማንም ይርታ ማን ማሩ ወደ አንድ ቤት ይገባል። አባቶቻችን ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም።

አሸናፊን አንከለክልም ያሉ ቤቶችም አሉ። በ1998 የተመሠረተው ፒናክል በዚህ ነው የታወቀው፤ ኮሚሽኑን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ስታርደስት ከአዋቂዎች እየተማረ ዋጋውን ያርማል። በ2000 የመጣው ቤትፌር ደግሞ ሲጀምር ራሱ አያወራርድም ነበር፤ ሰውን ከሰው ያገናኝና ከአሸናፊው ኮሚሽን ይቆርጥ ነበር። በዚህ አሠራር የሚከለከል ሰው መኖር የለበትም አይደል? በ2008 ግን ቤትፌር ሁልጊዜ በሚያሸንፉት ላይ ልዩ ክፍያ ጣለ፤ በ2011 ለአንዳንዶቹ እስከ 60 በመቶ አደረሰው። በር መዝጋት ሲያቅታቸው በር ላይ ቀረጥ አቆሙ ማለት ነው።

የፕሪሚየር ሊግ አፍቃሪዎች ይቺን ልብ በሉ። የብራይተን ባለቤት ቶኒ ብሉምና የብሬንትፎርድ ባለቤት ማቲው ቤንሃም ሁለቱም ሀብታቸውን ያገኙት ከውርርድ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አብረው ሠርተው ነበር፣ በኋላ ተጣሉ። ብሉም ሒሳብ፣ ቤንሃም ፊዚክስ ነው የተማሩት። ሁለቱም ዛሬ በስሌት የሚመራ ክለብ አላቸው፤ ብራይተን በ2017፣ ብሬንትፎርድ በ2021 ፕሪሚየር ሊግ ገቡ። ተጫዋች የሚገዙትም ያው ማክኒል በሚወራረድበት መንገድ ነው፤ ገበያው ያሳነሰውን ዋጋ ፈልገው። ከየትኛው ሰፈር ቤቲንግ ቤት ነው እነዚህን ሰዎች የሚያክል ውርርድ የሚቀበላቸው? አይቀበላቸውም።

ሕጉስ ምን ይላል? ከስፖርት ወጣ ብሎ በካርታ ቆጠራ የታወቀው ኬን ዩስተን ካዚኖ ሲያባርረው ከሶ፣ በ1982 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካዚኖዎች ካርታ በጭንቅላቱ ስለቆጠረ ብቻ በራሳቸው ሥልጣን ሊያባርሩት አይችሉም ብሎ ፈረደለት። ኔቫዳ ውስጥ ግን ማባረር ይቻላል። አውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ2014 አወራራጆች በፈረስ እሽቅድምድም ላይ ቢያንስ ይህን ያህል ውርርድ የመቀበል ግዴታ አለባችሁ የሚል ደንብ አወጣች። በአሜሪካ ከ2018ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ የስፖርት ውርርድ በየግዛቱ ሲከፈት ይኸው ጥያቄ ተከትሎ መጣ። የማሳቹሴትስ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በግንቦት 2024 ኩባንያዎቹን አሸናፊዎችን ለምን ትገድባላችሁ ብሎ በአደባባይ እንዲያስረዱ ጠራቸው፤ ከአንዱ በቀር አልመጡም። በመስከረም መጡ። መልሳቸው የምንገድበው ከደንበኞቻችን በጣም ጥቂቱን ነው የሚል ነበር።

ይህን አምናቸዋለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ። ዛሬ ማታ ግን አይደለም፤ የ11ኛ ክፍል የፈተና ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሎ እያየኝ ነው።